ስለ በረራ 409 ለጠየቅሽኝ

እህቴ፣ እንዴት ከርመሻል? ልጆቹስ? ሁለታችንም ከተጠፋፋን ዓመታት ነጎዱ። እኔ ያው ቤይሩት ነኝ። ሰፈራችሁ ያሉት፣ በዚያ በኢትዮጵያ አየር መንገድ በረራ 409 አደጋ ሰው ያጡት እናት ዛሬም አንዱ ሚሳኤል ነው፣ ሌላው ቦምብ ነው እያለ ሲያወራላቸው እንደ አዲስ እንደሚያማቸው ከወንድምሽ ሰማሁ። አንቺም ያኔ "ግን ምን ጣለው?" ብለሽኝ ነበር። የምርመራውን ሪፖርት ቁጭ ብዬ አነበብኩት፣ የገባኝን ልንገርሽ።

ሌሊቱን ታስታውሺዋለሽ፣ ጥር 17 ቀን 2002፣ ነጎድጓድና ዝናብ። ቦይንግ 737-800 አውሮፕላኑ 90 ሰው ይዞ ከቤይሩት ወደ አዲስ አበባ ተነሳ፣ አምስት ደቂቃ ሳይሞላው ከቤይሩት ደቡብ ካለችው ናዕሜ ፊት ለፊት ባሕሩ ውስጥ ገባ። አንድም ሰው አልተረፈም።

ባሕር ላይ ምርመራ የሚጀምረው በጆሮ ነው። ጥቁር ሳጥን የሚባለው የበረራውን መረጃና የአብራሪዎቹን ድምፅ የሚቀዳው ዕቃ (ቀለሙ ብርቱካናማ ነው) ውሃ ሲነካው በየሰከንዱ ምልክት የሚልክ መሣሪያ አለው። ድምፁን የሰው ጆሮ አይሰማውም፣ መርከቦች በመሣሪያ ያዳምጡታል። ያኔ ባትሪው የሚቆየው 30 ቀን ያህል ነበር። ከሪዮ ወደ ፓሪስ ሲበር አትላንቲክ ውስጥ የወደቀውን የኤር ፍራንስ 447 ሳጥኖች ለማግኘት ሁለት ዓመት ፈጅቷል፣ ከዚያ በኋላ ነው ባትሪው 90 ቀን እንዲሆን የተወሰነው። የእኛው 45 ሜትር ገደማ ጥልቀት ላይ ስለነበር የበረራ መረጃ መቅጃውን የሊባኖስ ጠላቂዎች በሁለት ሳምንት ውስጥ አወጡት። ድምፅ መቅጃው ዘገየ፣ ሲወጣም ድምፁ የተቀዳበት ክፍል ጎድሎት ነበር፣ እሱን ደግሞ ለብቻው ፈልገው አገኙት። የተነበቡት ፈረንሳይ ነው።

የበረራ ተቆጣጣሪው ከደመናው እንዲርቁ 270 ዲግሪ፣ ማለትም ወደ ምዕራብ፣ ያዙ አላቸው። አውሮፕላኑ ግን 270ን አልፎ ወደ ግራ መዞሩን ቀጠለ። ተቆጣጣሪው ደጋገመላቸው። አፍንጫው ወደ ላይ ወጣ፣ ፍጥነቱ ወረደ፣ መሪው መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ ይህ አየሩ ሊከዳችሁ ነው የሚል ማስጠንቀቂያ ነው። "አጋድላችኋል" የሚለው ድምፅም ተደጋገመ። መጨረሻ ላይ ከ90 ዲግሪ በላይ አጋድሎ ተምዘገዘገ።

ጥር 2004 የወጣው የሊባኖስ ሪፖርት አብራሪዎቹ ፍጥነትን፣ ከፍታንና አቅጣጫን በአግባቡ አልያዙም፣ ስህተት ሲፈጠርም እርስ በርስ አልተነጋገሩም ይላል። ካፒቴኑ ከ10,000 ሰዓት በላይ የበረረ ሰው ነው፣ በዚህ ዓይነት አውሮፕላን ግን 200 ሰዓት አልሞላም፤ ረዳቱ ደግሞ ገና ጀማሪ። በጨለማ፣ ባሕር ላይ፣ በደመና ውስጥ ዓይን የሚይዘው ነገር ሲያጣ የውስጥ ጆሮ ይዋሻል፣ አጋድለሽ እየበረርሽ ቀጥ ያልሽ ይመስልሻል። ሪፖርቱ ካፒቴኑ በጭንቀትና በዚህ የስሜት መምታታት ቀስ በቀስ አቅሙን ሳያጣ እንዳልቀረ ይገምታል።

አየር መንገዳችን ይህን አልተቀበለም። ሪፖርቱ ሚዛናዊ አይደለም፣ ማስረጃም ይጎድለዋል፣ አውሮፕላኑ አየር ላይ ፈንድቷል አለ። እሳት አየን ያሉ የዓይን እማኞችም ነበሩ። እኔ ሪፖርቱን አምናለሁ፣ ምክንያቱም እሳት ታየ ከመባሉ በፊት አውሮፕላኑ መስመር ስቶ፣ ማስጠንቀቂያው ሲጮህ ነበር። ፍንዳታ ይህን አያስረዳም። ግን አንድ ነገር ያንገበግበኛል። በ1996 እ.ኤ.አ. ኒው ዮርክ አጠገብ ባሕር ላይ የወደቀውን ቲደብሊዩኤ 800 ሚሳኤል መታው ተብሎ ብዙ ተወርቶ ነበር። አሜሪካኖቹ ከ95 በመቶ በላይ ስብርባሪውን አወጡ፣ አዳራሽ ውስጥ ቁራጭ በቁራጭ ገጣጠሙት፣ ከአራት ዓመት በኋላ የነዳጅ ታንክ ውስጥ ያለ ትነት መፈንዳቱን አሳዩ። ለእኛዎቹም እንዲህ ቢደረግ ኖሮ እኚያ እናት ዛሬ በወሬ አይሰቃዩም ነበር።

ሄደሽ ስታያቸው አውሮፕላኑን ሰው እንደመታው የሚያሳይ ነገር ሪፖርቱ ውስጥ እንደሌለ ንገሪያቸው። አብራሪዎቹንም የሚረግም ካለ፣ እንዲህ ያለ ምርመራ የሚደረገው ጥፋተኛ ለመፈረጅ ሳይሆን ሌላ እንዳይደገም መሆኑ በዓለም አቀፉ የአቪዬሽን ደንብ ላይ ተጽፏል በይው። ማንበብ ከፈለጉ ዋና ዋናውን በአማርኛ ጽፌ እልክልሻለሁ፣ አዲሱን ስልክሽን ብቻ ላኪልኝ።