ይድረስ ለአባዬ፣ ከዴንግፌንግ

ይድረስ ለምወድህ አባዬ፣ ለእማዬ፣ ለሚጡና ለቤቱ ሰው በሙሉ። ለጤናችሁ እንደምን ሰነበታችሁ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን በጣም ደህና ነኝ፣ ከናንተ ናፍቆት በቀር የጎደለብኝ ነገር የለም። ሚጡ፣ በቴሌግራም የምልከው አንቺ እንድታነቢላቸው ነው፣ ቀስ እያልሽ አንብቢ፣ ረጅም ስለሆነ ለሁለት ማታ ብትከፍይውም ችግር የለውም።

አባዬ ባለፈው ስንደዋወል ኔትወርኩ እየተቆራረጠ የጠየቅከኝን ሳልመልስልህ ነው የተዘጋው። «እዛ ምንድን ነው የምትማረው፣ ሲያልቅስ ምን ትሆናለህ?» ነበር ያልከኝ። ከዛ ቀን ጀምሮ ስሮጥም ስበላም ይቺው ጥያቄ ናት ጭንቅላቴ ውስጥ ያለችው፣ በስልክ ደግሞ እንዲህ አይነት ነገር አይነገርም፣ ስለዚህ ልጻፍልህ ብዬ ተቀመጥኩ። ዋናውን ነገር ከፊት ልንገራችሁና እንዳትደነግጡ፣ በሰኔ እመጣለሁ ያልኩትን ትቼ አንድ አመት ልጨምር ወስኛለሁ። ለምን እንደሆነ እስከ መጨረሻው ስሙኝና ከዛ ፍረዱኝ።

ያለሁበት ከተማ ዴንግፌንግ ይባላል፣ ቻይና፣ ሄናን ክፍለ ሀገር ውስጥ ሶንግሻን ተራራ ስር ነው፣ ያ በኩንግ ፉ የታወቀው የሻኦሊን ገዳም የሚገኘው እዚሁ ነው። ግን እኔ ገዳሙ ውስጥ አይደለሁም፣ ይሄን እስከ ዛሬ በደንብ ስላላስረዳኋችሁ ይቅርታ። ያመጣኝ ደላላ «ከመነኮሳቱ ጋር ነው የምትኖረው» ብሎኝ ነበር፣ ስደርስ የጠበቀኝ ግን የግል የኩንግ ፉ አዳሪ ትምህርት ቤት ነው፣ ግቢው ሲሚንቶ፣ አንድ ክፍል ውስጥ ስምንት ልጅ ተደራራቢ አልጋ ላይ። የመጀመሪያውን ሌሊት ተታለልኩ ብዬ እንቅልፍ የሚባል አልወሰደኝም፣ ለናንተም ያልነገርኳችሁ አፍሬ ነው። አሁን ሳስበው የዋሸኝ ደላላው ነው እንጂ ቦታው አልዋሸኝም። ዴንግፌንግ ውስጥ እንደኛ ያለ ትምህርት ቤት በየመንገዱ ነው፣ አንዱ ብቻ ከ30 ሺህ በላይ ተማሪ አለው፣ ጠዋት ልጆቹ በአንዴ ለሩጫ ሲወጡ መሬቱ ራሱ የሚንቀጠቀጥ ይመስልሃል። የ2008ቱ የቤጂንግ ኦሎምፒክ፣ ያ ቀነኒሳና ጥሩነሽ ሁለት ሁለት ወርቅ ያመጡበት፣ መክፈቻው ላይ ነጭ ለብሰው ክብ ሰርተው የሚንቀሳቀሱ ሰዎች ትዝ ይሉሃል? ጎረቤት ቤት ተሰብስበን ያየናቸው? እነሱ ከዚች ከተማ የሄዱ ተማሪዎች ናቸው።

የገዳሙ ታሪክ ደግሞ አንተን ደስ የሚያሰኝ ነው። በፈረንጆች 495 ነው የተመሰረተው፣ ንጉሡ ከህንድ ለመጣ መነኩሴ ብሎ አሰራው። አባዬ ይሄ እኮ አንተ የምትነግረን ዘጠኙ ቅዱሳን ወደ አክሱም የመጡበት ዘመን አካባቢ ነው! ከዛ ትንሽ ቆይቶ ሌላ መነኩሴ ከህንድ መጣና ተራራው ላይ ዋሻ ውስጥ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ዘጠኝ አመት ተቀመጠ ይላሉ፣ ቻይናዎቹ ስሙን ምን ብለው እንደሚጠሩት ታውቃለህ? ዳሞ። መጀመሪያ ስሰማው ደብረ ዳሞ ትዝ ብሎኝ ደርቄ ቀረሁ። የስም መገጣጠም ነው፣ ምንም ግንኙነት የለውም፣ ግን እዛ ዋሻ በር ላይ ቆሜ አቡነ አረጋዊን አስቤ አማተብኩ። እማዬ ይሄን የምጽፈው አንቺም እንድትረጋጊ ነው፣ ለጣኦት ስገድ ብሎ ያስገደደኝ ሰው የለም፣ ከልጆቹም አብዛኞቹ መነኩሴ ሊሆኑ የመጡ አይደሉም፣ ማተቤም አንገቴ ላይ ነው ያለው፣ ስልጠና ላይ ብቻ እንዳይበጠስ ወደ ውስጥ አስገባዋለሁ።

በፈረንጆች 1928 በጦርነት ጊዜ አንድ የጦር አበጋዝ ገዳሙን አቃጥሎት ከ40 ቀን በላይ ነደደ ይባላል፣ ስንት መጽሐፍ አብሮ ጠፋ። ከተረፉት አዳራሾች አንዱ ወለሉ ላይ 48 ጎድጓዳ ቦታ አለው። ጡቡ በመዶሻ የተመታ ነው የሚመስለው፣ ግን መነኮሳቱ ትውልድ በትውልድ አንድ ቦታ ቆመው እግራቸውን ሲያሳርፉ፣ ሲያሳርፉ የተሰረጎደ ነው። ፎቶ አንስቼ ልኬያለሁ፣ ሚጡ አሳዪው። እኔ ብዙ ነገር አይቻለሁ፣ እንደዛ ወለል ግን ልቤን የነካው የለም።

አሁን ወደ ጥያቄህ ልምጣ። ምን ትማራለህ ላልከኝ፣ የመጀመሪያዎቹን ሦስት ወር የተማርኩት መቆም ነው። እውነቴን ነው፣ መቆም። ማ ቡ ይሉታል፣ የፈረስ አቋቋም ማለት ነው፣ እግርህን ከፍተህ ኮርቻ ላይ እንደተቀመጠ ሰው ጭንህ ከመሬት ጋር እኩል እስኪሆን ዝቅ ትላለህ፣ እጅህን ጨብጠህ ወገብህ ላይ ታደርጋለህ፣ ከዛ በቃ ትቆያለህ። የመጀመሪያ ቀን አንድ ደቂቃ ሳይሞላ እግሬ ተንቀጥቅጦ ወደቅኩ፣ አጠገቤ ያለው የስምንት አመት ልጅ ግን እንደ ምሰሶ ቆሞ ነበር። ትዝ ያለኝ ሰሞነ ሕማማት ነው፣ አርብ ስግደት ላይ ጉልበት ሲከዳ፣ አንተ ዞር ብለህ ሳታየኝ «ተነሳ» የምትለኝ። ሺፉም እንደዛ ነው። ሺፉ ማለት መምህራችን ነው፣ ቃሉን ሲጽፉት ግማሹ «መምህር» ግማሹ «አባት» ነው፣ አንድ ቀን ያስተማረህ እድሜ ልክህን አባትህ ነው የሚል አባባልም አላቸው። እኔ በልቤ የኔታ ነው የምለው።

እና አባዬ፣ ልጅ ሆነን ስለ ቆሎ ተማሪነትህ ስትነግረን እንደ ተረት ነበር የምንሰማህ። ደበሎ ለብሳችሁ፣ አኩፋዳ ይዛችሁ በእንተ ስማ ለማርያም እያላችሁ፣ ውሻ ሲያባርራችሁ፣ ማታ ጎጆ ውስጥ ተፋፍጋችሁ ቀለም ስትቀጽሉ። የኔታ አይናቸው ባያይም ተማሪው አንዲት ቃል ሲስት ከሩቅ ሰምተው ያርማሉ ስትለን ደግሞ እያጋነንክ ነበር የሚመስለኝ። ባለፈው ወር ሺፉ ጀርባውን ሰጥቶን ሻይ እየጠጣ እኛ ስንለማመድ፣ ሳይዞር «አፍሪካዊው፣ ግራ እግርህ ዘገየ» አለኝ። እግሬ መሬት ሲያርፍ ሰምቶ ነው። ያኔ የአንተ የኔታ እውነት ሆኑብኝ፣ በሃያ ሰባት አመቴ፣ ቻይና መጥቼ።

ውሎዬን ልንገራችሁ፣ እማዬ ሁልጊዜ ምን በላህ ስለምትዪ። ከንጋቱ 11 ሰዓት ተኩል ፊሽካ ይነፋል፣ ሩጫ፣ ከዛ ቁርስ፣ ከዛ እስከ ምሳ ስልጠና፣ ምሳ በልተን ትንሽ እንተኛለን፣ ከሰዓት እንደገና፣ ማታም አንዳንዴ አለ፣ 3 ሰዓት ተኩል መብራት ይጠፋል። እኔ ስተኛ እናንተ ጋ ገና ከቀኑ 10 ሰዓት ተኩል ነው፣ ሁሌ አልጋዬ ላይ ሆኜ አሁን ቡና እየቆሉ ነው እላለሁ። ምግቡ ሩዝ፣ ኑድል፣ ጎመን፣ እንቁላል በቲማቲም፣ ጠዋት ጠዋት ደግሞ ማንቶው የሚሉት በእንፋሎት የበሰለ ነጭ ዳቦ አለ፣ ቁርጥ የኛን ህብስት ነው የሚመስለው፣ እማዬ ያንቺን ባያክልም። አሁን ሁዳዴ ስለሆነ የምበላው ቶፉና አትክልት ነው፣ ከአኩሪ አተር የሚሰራ እንደ አይብ ያለ ነገር ነው ቶፉ። አንዳንዴ ጎመኑን በአሳማ ስብ ስለሚሰሩት መጀመሪያ ሄጄ ወጥ ቤቷን እጠይቃለሁ፣ አሁን ለምዳኝ ከሩቅ ስታየኝ ለይታ ታስቀምጥልኛለች። የገዳሙ መነኮሳት ስጋ አይበሉም ሲባል ሰምታ እኔም መነኩሴ መሆኔ ነው የመሰላት፣ ሀገሬ ውስጥ ሚሊዮን ሰው ነው እንደዚህ የሚጾመው ስላት አላመነችኝም። ቋንቋው የመንገድ ሥራው ካምፕ ውስጥ ከቻይናዎቹ ጋር የቆየሁበት ሁለት አመት ጠቀመኝ፣ ያ ባይኖር ኖሮ በጣም ነበር የሚከብደኝ።

እሁድ እሁድ ወደ ዳሞ ዋሻ እንወጣለን፣ ድንጋይ ደረጃ ነው እስከ ላይ ድረስ። መውጣቱ ምንም አይደለም፣ እኛ ጎጃሜዎች ዳገት አይገርመንም። መውረዱ ነው ጉዱ። አንዳንዴ በእጅና በእግር ነው የምንወርደው፣ በጭንቅላት በኩል፣ እንደ እንስሳ በአራት እግር፣ ትከሻ ሲቃጠል፣ መዳፍ ሲላጥ። ቺ ኩ የሚሉት ቃል አላቸው፣ ቃል በቃል መራራ መብላት ማለት ነው፣ አንድን ልጅ ሊያመሰግኑት ሲፈልጉ መራራ መብላት ይችላል ይሉታል። ኩንግ ፉ የሚለው ቃል ራሱ ትርጉሙ ድብድብ አይደለም፣ በጊዜና በልፋት የተገኘ ችሎታ ማለት ነው፣ ጥሩ ወጥ ለሚሰራ ሰውም ይባላል። እማዬ አንቺ ኩንግ ፉ አለሽ ማለት ነው።

ስለዛ የስምንት አመት ልጅ ልንገራችሁ። ከታች አልጋ ላይ ነው የሚተኛው። እናትና አባቱ ደቡብ ውስጥ ጓንግዶንግ ፋብሪካ ነው የሚሰሩት፣ የሚያያቸው በአመት አንዴ ለአዲስ አመታቸው ነው። ቀን ቀን አንበሳ ነው፣ ማታ ስልክ የሚፈቀድ ቀን እናቱን ሲያወራ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ድምፁን አጥፍቶ ያለቅሳል። ፌይዦው ገገ ነው የሚለኝ፣ አፍሪካዊው ወንድሜ ማለት ነው። ጉልበቴ አብጦ ሁለት ሳምንት ሳልሰለጥን ስቀመጥ ሙቅ ውሃ በፔርሙስ እየቀዳ የሚያመጣልኝ እሱ ነበር፣ እዚህ ሀገር ለሁሉም በሽታ መድኃኒቱ ሙቅ ውሃ ነው። ስደት ድንበር ከተሻገሩ በኋላ የሚመጣ ነገር ይመስለኝ ነበር፣ ይሄ ልጅ በሀገሩ ውስጥ ሆኖ ስደተኛ ነው፣ እናቱም እንደዛው። ቤይሩት ያለችውን የአክስቴን ልጅና እዛው ጥላቸው የሄደቻቸውን ልጆቿን አስቡና ትረዱኛላችሁ።

ብር ስለማልልክ ሰው የሚላችሁን አውቃለሁ። ዱባይ ያሉት ቤት ሰሩ፣ ያንተ ልጅ ቻይና ሄዶ ምን አመጣ ይሉሃል። አባዬ በተማሪ ቪዛ ያለ ፈቃድ መስራት አይቻልም፣ ተደብቀው የሚሰሩ አሉ፣ ቢያዙ መባረር አለ፣ እኔ ደግሞ በቆጠብኩት ነው የምኖረው፣ ለሚቀጥለው አመትም ይበቃኛል፣ ከናንተ አምስት ሳንቲም አልጠይቅም። የምጠይቅህ ምርቃትህን ብቻ ነው። በድምፅ ቀድተህ ላክልኝ።

አመቱን የምጨምረው ለዱላው ነው። ሻኦሊን ከሁሉም በላይ የሚታወቀው በዱላ ነው፣ በፈረንጆች 621 አስራ ሦስት መነኮሳት ለታንግ ሥርወ መንግሥት ተዋግተው እንደረዱ ድንጋይ ላይ ተጽፎ እስከ ዛሬ ቆሟል። ዱላችን ነጭ እንጨት ነው፣ ቀጥ ብሎ ሲቆም ቅንድብ ድረስ የሚደርስ፣ ሲወዛወዝ እንደ አለንጋ የሚተጣጠፍ። ሺፉ መጀመሪያ ሲሰጠኝ እንዴት እንደምይዘው አይቶ «ሌላ ቦታ ተምረሃል?» አለኝ። እኔ ሀገር ገበሬው ሁሉ ዱላ ትከሻው ላይ አድርጎ ነው የሚሄደው፣ አባቴ ቤተ ክርስቲያን ሲቆም መቋሚያ ይዞ ነው፣ እየዘመሩ በእሷ መሬቱን ይመታሉ፣ ትምህርቱም ስሙ አቋቋም ነው አልኩት። አስነሳኝና አሳየኝ አለ። እኔ ደግሞ ከአንተ ያየሁትን ያህል፣ ያችን የጥምቀቷን ወረብ፣ በቻይና ዱላ አሳየሁት። ልጆቹ ሁሉ ስልጠና አቁመው ነበር የሚያዩት። ሺፉ ብዙ አልተናገረም፣ ዱላውን ተቀበለኝና ቀስ ብሎ ደገመው፣ እግሩን ሳይስት። ከዛ የዱላውን ትምህርት እስከ መጨረሻው አስተምርሃለሁ፣ ግን በአራት ወር አያልቅም አለኝ። እንዲህ ያለኝን ሰው ትቼ ልምጣ?

ሲያልቅ ምን ትሆናለህ ላልከው፣ ማርቆስ ላይ ቤት ተከራይቼ ልጆች ላስተምር ነው የማስበው፣ በነሱ ቋንቋ ሳይሆን በኛው፣ አቋቋም ብዬ። እስከዛ የወይራ ዱላህን በቅቤ አሽተህ በጭስ የምታደርጋትን ነገር አስተካክለህ ጻፍልኝ፣ ሺፉ መጠየቁን አላቆመም። ጓንጁ ለንግድ የሚመጣ ሰው ካገኛችሁ ደግሞ ትንሽ የጾም ሽሮና በርበሬ፣ ሌላ ምንም አትላኩ።

አንድ ነገር ቀረኝ። ሺፉ ስለ አንተ ሲጠይቀኝ ቅኔ ቤት ገብቶ ስንት አመት ተማረ፣ ለምን አልጨረሰም አለኝ። መልስ አልነበረኝም። ውሻውንም፣ ረሃቡንም፣ የኔታንም ነግረኸናል፣ ለምን ጥለህ እንደመጣህ ግን አንድም ቀን ነግረኸን አታውቅም፣ እኛም ጠይቀን አናውቅም። ምርቃቱን ስትቀዳ እሱንም ንገረኝ፣ ቢረዝምም ግድ የለም፣ እሁድ ተራራው ላይ ቁጭ ብዬ ነው የምሰማው።

ልጅህ