እማዬ፣ ከድምፁ በፊት ውሉ ይጻፍ

ይድረስ ለምወድሽ እናቴ፣

እንደምን ሰነበትሽ? ጉልበትሽስ እንዴት አደረገሽ? እኔ ከናፍቆትሽ በስተቀር ደህና ነኝ።

ባለፈው በስልክ የጠየቅሽኝን በስልክ ልመልስልሽ አልቻልኩም። "አንድ አካባቢ ሕዝቡ ከዚህ መንግሥት ጋር መኖር በቃኝ ካለ ለምን አይለቁትም? ሰው በግድ ይያዛል እንዴ?" ነበር ያልሽኝ። ዝም ስልሽ አለመስማማቴ ገባሽና "በይ ተይው" ብለሽ ወሬ ቀየርሽ። እኔ ግን ልተወው አልቻልኩም። ዕድሜሽን ሙሉ ዜና ስትከታተይ የኖርሽ ሰው ነሽ። እንዲህ ያለ ጥያቄ ጠይቀሽኝ በአንድ ቃል ልሸኝሽ አልፈልግም። ስለዚህ ረዘም አድርጌ ልጻፍልሽ። የምጠቅስልሽ ዓመት ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው።

መጀመሪያ የምንስማማበትን ልናገር። ሰው በግድ አይያዝም። በዚህ አልከራከርሽም። ባንግላዴሽ ገና ምሥራቅ ፓኪስታን ሳለች፣ በ1970 ምርጫ ተደረገ። የምሥራቁ ፓርቲ ለአካባቢው ከተመደቡት 162 መቀመጫዎች 160ውን ወሰደ። ይህ በመላ ሀገሪቱ ፓርላማ አብላጫ ነበር። መንግሥት መመሥረት ይገባው ነበር። ሥልጣኑን ግን ከለከሉት። በማርች 1971 ደግሞ ጦር አዘመቱበት። ድምፁን ሰጥቶ፣ አሸንፎ፣ በጥይት የተመለሰ ሕዝብ "ልሂድ" ሲል እኔ "ቆይ" የምልበት አፍ የለኝም።

ግን እማዬ፣ አብዛኛው የመገንጠል ጥያቄ እዚያ የደረሰ አይደለም። ብዙ ጊዜ ጥያቄው የግብር ነው፣ የቋንቋ ነው፣ የነዳጅ ገቢ ነው፣ የመናቅ ስሜት ነው። እውነተኛ በደል ነው። አላቃልለውም። ጥያቄዬ ግን አዲስ ድንበር ማስመር ያንን በደል ያድናል ወይ የሚለው ነው።

አንቺ በባልና ሚስት መሰልሽው። ካልተስማሙ ይፋቱ አልሽኝ። እኔን ግራ የገባኝ እዚህ ጋ ነው። በፍቺ ላይ ሁለት ሰዎች አሉ፤ እያንዳንዳቸው ለራሳቸው ይወስናሉ። አንድ አካባቢ ሲለይ ግን መሄድ ያልፈለገውም አብሮ ይሄዳል። በ1995 ኩቤክ ከካናዳ ትለይ ወይስ ትቆይ ተብሎ ሕዝበ ውሳኔ ተደረገ። ከመራጩ ከ93 በመቶ በላይ ወጣ። "አይሆንም" ያለው 50.58፣ "ይሁን" ያለው 49.42 በመቶ ነበር። ከአራት ሚሊዮን ተኩል በላይ ሰው ድምፅ በሰጠበት ቀን ልዩነቱ 54 ሺህ ገደማ ብቻ ሆነ። ትንሽ ሰው ሐሳቡን ቢቀይር ኖሮ ግማሹ ሕዝብ ሳይፈልግ ሀገሩ ይቀየርበት ነበር።

ከዚያ ደግሞ የክሪ ሕዝቦች አሉ። ከጥንት ጀምሮ በኩቤክ ሰሜን የሚኖሩ ናቸው። ከዋናው ድምፅ ቀናት ቀደም ብለው የራሳቸውን ሕዝበ ውሳኔ አደረጉ። 96 በመቶው ያለፈቃዳችን ከካናዳ አታስወጡን አለ። እስቲ አስቢው። ኩቤክ ከካናዳ የመውጣት መብት ካላት፣ እነሱ ከኩቤክ የመውጣት መብት ለምን አይኖራቸውም? ለመገንጠል የሚታገል ሁሉ ይህን ጥያቄ ለራሱ ሊመልስ ይገባል። ብዙዎቹ ሲመልሱት አልሰማሁም። ከማዕከሉ ነጻነት የሚጠይቅ ሰው፣ በራሱ ግዛት ውስጥ ያለው ትንሽ ሕዝብ ያንኑ ሲጠይቀው "የግዛት አንድነት" ማለት ይጀምራል።

የካናዳ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1998 የሰጠውን አስተያየት በጣም እወደዋለሁ። ኩቤክ ብቻዋን ተነሥታ ወጣሁ ማለት አትችልም አለ። ወዲያው ደግሞ፣ ግልጽ በሆነ ጥያቄ ላይ ግልጽ አብላጫ ከተገኘ የቀረው ካናዳ ቁጭ ብሎ የመደራደር ግዴታ አለበት አለ። "በፍጹም"ም አይደለም፣ "እንደፈለጋችሁ"ም አይደለም። ድምፁ የድርድሩ መጀመሪያ ነው እንጂ መጨረሻው አይደለም ማለት ነው።

አሁን ልቤን ወደሚያሳምመኝ ልምጣ። ኤርትራ። ከሠላሳ ዓመት ጦርነት በኋላ በኤፕሪል 1993 ሕዝበ ውሳኔ ተደረገ። 99.8 በመቶው ነጻነትን መረጠ። የአዲስ አበባው መንግሥት ውጤቱን ተቀበለ። ተጨባበጡ። ብዙ ሰው ነገሩ በሰላም አለቀ ብሎ እፎይ አለ። እኔ ያንን ድምፅ አልነቅፍም። ያን ያህል ሕዝብ በአንድ ቃል ሲናገር መስማት ግድ ነው። የምቆጨው ከድምፁ በፊትና በኋላ መጻፍ ስለነበረበት ወረቀት ነው። ድንበሩ መሬት ላይ ምልክት አልተደረገበትም። የኤርትራ ገንዘብ እስከ ኖቬምበር 1997 ድረስ ብር ሆኖ ቀጠለ፤ የራሷ ገንዘብ ናቅፋ ሲመጣ ንግዱ እንዴት ይሁን የሚለው ራሱን የቻለ ጠብ ሆነ። ከዚህና ከዚያ ተቀላቅሎ የሚኖረው ሰው ደግሞ የየት ሀገር ዜጋ ነው የሚለው በቅጡ ሳይቋጭ ታለፈ። በሜይ 1998 በባድሜ ጦርነት ተነሣ። በሁለት ዓመት ውስጥ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሰው ሞተ።

ከሁሉ የሚያንገበግበኝ ግን ሌላ ነው። ኢትዮጵያ ውስጥ ይኖሩ የነበሩ የኤርትራ ተወላጆች በ1993ቱ ሕዝበ ውሳኔ ድምፅ ሰጥተው ነበር። ጦርነቱ ሲመጣ ያ ድምፅ የኤርትራ ዜግነታቸው ማስረጃ ሆኖ ቀረበባቸው። 75 ሺህ ያህል ሰው ከኢትዮጵያ ተባረረ። ከኤርትራም በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያን ወጡ፣ ተባረሩ። ባል እዚህ፣ ሚስት እዚያ ቀረች። የስልክ መስመሩ ተቆረጠና እስከ ጁላይ 2018 ድረስ ሁለቱ ሀገሮች በቀጥታ አይደዋወሉም ነበር። ድምፅ ሲሰጡ "ይህች ካርድ አንድ ቀን ከቤታችሁ ታስወጣችኋለች" ብሎ የነገራቸው የለም። እማዬ፣ ስለ መገንጠል ስናወራ ስለ ባንዲራና ስለ መዝሙር እናወራለን። እኔ ግን መጀመሪያ የሚታየኝ ይህ ሰው ነው።

ደቡብ ሱዳንንም አንቺ ራስሽ ታስታውሻለሽ። በ2011 መጀመሪያ 98.83 በመቶው መለየትን መረጠ። ሰው እያለቀሰ ነበር የተሰለፈው። በደሉ እውነት ነበር፤ ለአሥርት ዓመታት ሞተዋል። ግን የነዳጁ ትልቁ ክፍል ደቡብ ቀረ፣ ቱቦው ደግሞ በሱዳን አልፎ ፖርት ሱዳን ነው የሚደርሰው። የማሳለፊያው ክፍያ ስንት ይሁን የሚለውን ሳይስማሙ ተለያዩ። በጃንዋሪ 2012 ደቡብ ሱዳን ነዳጅ ማምረቷን አቆመች፤ ገቢዋ ከሞላ ጎደል ሁሉም ከዚያው ነበር። በሁለቱ ድንበር ላይ ያለው የአብዬ ሕዝብ ወደየትኛው እንደሚሆን በዚያው ቀን የራሱን ድምፅ ይሰጣል ተብሎ በስምምነት ቃል ተገብቶለት ነበር። ቀኑ መጣ፣ አለፈ፣ ድምፁ አልተሰጠም። በዲሴምበር 2013 ደግሞ አብረው "ነጻነት" ብለው የመረጡት እርስ በርስ ተዋጉ። ማዕከሉ ላይ ያለው ጠላት ሲሄድ ውስጥ ያለው ቅሬታ አብሮ አይሄድም።

እንግዲህ ሁሉም መጥፎ ነው ማለቴ አይደለም። በ1905 ኖርዌይ ከስዊድን ስትለይ የተቃወሙት 184 መራጮች ብቻ ነበሩ፤ የደገፉት ከ368 ሺህ ይበልጣሉ። ከዚያ በኋላም ሁለቱ በስዊድኗ ካርልስታድ ከተማ ተቀምጠው ተደራደሩ፣ የድንበር ምሽጎች እንዲፈርሱ ተስማሙ፣ ጥይት ሳይተኮስ ተለያዩ። ቼክና ስሎቫኪያም በ1993 መጀመሪያ በሰላም ተለያይተዋል። የጋራ ንብረቱን በሕዝብ ብዛት ሁለት ለአንድ አድርገው የተከፋፈሉት ቀድሞ በወጣ ሕግ ነው። ሕዝቡን ሳይጠይቁ መወሰናቸው ግን ዛሬም አይዋጥልኝም።

የስኮትላንድ ነገር ብዙ ያስተማረኝ ነው። የብሪታኒያና የስኮትላንድ መንግሥታት ስኮትላንድ ትለይ ወይስ ትቆይ በሚለው ላይ በ2012 ተፈራረሙና ድምፁ በሕግ መሠረት እንዲሰጥ፣ ውጤቱንም ሁለቱም እንዲያከብሩ ተስማሙ። በ2014 ከመራጩ 84.6 በመቶ ወጣ። 16 ዓመት የሞላቸው ልጆችም መረጡ። 55 በመቶው እንቆይ አለ። ማንም ማንንም አልገደለም። ግን ታሪኩ እዚያ አላበቃም። በ2016 ብሪታኒያ ከአውሮፓ ኅብረት ልትወጣ ስትወስን፣ ከስኮትላንድ መራጭ 62 በመቶው እንቆይ ብሎ ነበር። አብሮ ተወሰደ። ጥያቄው ያኔ ተመልሶ መጣ። በ2022 ደግሞ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ያለ ለንደን ፈቃድ ዳግም ሕዝበ ውሳኔ መጥራት አትችሉም አላቸው። ስለዚህ ለማዕከላዊ መንግሥታትም የምለው አለኝ። "እንቆይ" ያለ ሕዝብ ዕዳ ጥሎባችኋል። አብሮ የቀረው እንዲሰማ ነው እንጂ ዝም እንዲል አይደለም።

በስፔኗ ካታሎኒያ በ2017 የሆነው ከሁለቱም ወገን የከፋ ነበር። ፍርድ ቤት ያገደው ድምፅ ተጠራ። ፖሊስ መራጮችን በዱላ መታ። ከወጡት ውስጥ 90 በመቶው "ነጻነት" አለ፤ የወጣው ግን 43 በመቶ ገደማ ነበር። የማይደግፈው አብዛኛው ሰው ቤቱ ቀረ። መሪዎቹ ታሰሩ፣ ከዓመታት በኋላ በይቅርታ ተፈቱ። ዱላው ማንንም አላሳመነም። ከግማሽ በላይ መራጭ ባልወጣበት ድምፅም ሀገር አይመሠረትም።

የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 39 እስከ መገንጠል ድረስ መብት መስጠቱን ታውቂያለሽ። ሰዎች ስለሱ ሲጣሉ ንዑስ አንቀጽ 4ን የሚያነበው ጥቂቱ ነው። ጥያቄው መጀመሪያ በጠያቂው ብሔር ምክር ቤት በሁለት ሦስተኛ ድምፅ መደገፍ አለበት። ከዚያ የፌዴራሉ መንግሥት በሦስት ዓመት ጊዜ ውስጥ ሕዝበ ውሳኔ ያደራጃል። በአብላጫ ከተደገፈ ሥልጣን ይረከባል፣ ንብረት በሕግ ይከፋፈላል። ሦስቱን ዓመት እወደዋለሁ፤ ንዴት የሚበርድበት ጊዜ ይሰጣል። ግን ስለ ንብረት የተጻፈውን ያህል ስለ ሰው አልተጻፈም። በመሀል የሚኖረው ቤተሰብ ዜግነት፣ ሥራ፣ ጡረታ ምን ይሆናል? እዚያ ንዑስ አንቀጽ ውስጥ አላገኘሁትም።

ደግሞ ከመገንጠል በፊት ሌላ በር አለ። በጣሊያን ሰሜን ያለውን ደቡብ ታይሮልን ውሰጂ። ብዙው ሰው ጀርመንኛ ተናጋሪ ነው። በ1960ዎቹ ቦምብ ይፈነዳ ነበር። በ1972 ሰፊ የራስ ገዝ ሥልጣን ተሰጠው። ዛሬ ከሚሰበሰበው ግብር 90 በመቶ ያህሉ እዚያው ይቀራል። ልጆች በቋንቋቸው ይማራሉ። ሁሉም ረክቷል አልልሽም፤ ቦምቡ ግን ቆሟል። "ግብሬን ልያዝ፣ በቋንቋዬ ልማር፣ ፖሊሴ የራሴ ሰው ይሁን" የሚል ጥያቄ ያለ ድንበር ሊመለስ ይችላል። ማዕከሉ ይህን ከልቡ ሳይሞክር "ተገንጣዮች" ብሎ የሚሳደብ ከሆነ፣ ሰውን ወደ በሩ የሚገፋው እሱ ራሱ ነው።

ስለዚህ መልሴ ይኸውልሽ። ይጠየቅ። የጠየቀ አይታሰር፣ አይገደል። ግን ድንበሩ የት እንደሆነ፣ ዕዳው የማን እንደሆነ፣ ገንዘቡ ምን እንደሚሆን፣ ከሁሉ በላይ በተሳሳተው ወገን የተገኘው ሰው ቤቱ እንደማይነካ ሳይጻፍ ድምፅ አይሰጥ። አብላጫውም በአንድ ድምፅ ልዩነት አይሁን። ሞንቴኔግሮ በ2006 ከሰርቢያ ለመለየት ድምፅ ስትሰጥ ድጋፉ ከ55 በመቶ በታች ከሆነ አይጸናም ተብሎ ነበር፤ 55.5 አገኘች። እንዲህ ያለ መስፈርት ለተሸናፊውም ክብር ነው። ይህ ሁሉ ተሟልቶ፣ በጥሞና ተወያይቶ፣ ሕዝቡ አሁንም "እንሂድ" ካለ፣ እሺ፣ ይሂድ። ያኔ ካንቺ ጋር ነኝ።

አንድ ነገር ደግሞ ልጠይቅሽ። አንቺ "ይለቀቁ" ስትዪ፣ "አይሆንም" ብሎ መርጦ እዚያው ለሚቀረው ሰው ምን ትይዋለሽ? ይህን አስበሽበት እሑድ ስደውል ንገሪኝ። ልትሞግቺኝም ትችያለሽ፤ ደስ ይለኛል። በዚህ ጉዳይ ከማንም በላይ ያንቺን ሐሳብ መስማት እፈልጋለሁ።

መድኃኒትሽን ሳታቋርጪ ውሰጂ።

የምትወድሽ ልጅሽ