ለፊልትሮ ያልተገኘ በጀት ለሞተር ከየት መጣ?

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል

በየመሥሪያ ቤቱ ግቢ ቆመው ስለቀሩ ላንድክሩዘሮች ያወጣችሁትን ጽሑፍ አነበብኩት። ማንሳታችሁ ጥሩ ነው። ግን ነገሩን «መኪናው አርጅቷል፣ ሹፌሩም አይጠነቀቅም» ብሎ መዝጋት ልክ አይመስለኝም። እኔ ጂንካ ውስጥ መካኒክ ነኝ። ወደ ሐመር፣ ወደ ኦሞራቴ፣ ወደ ማጎ የሚመላለሱት መኪኖች ሲበላሹ እኛ ጋ ነው ተጎትተው የሚመጡት።

ሃርድቶፕ የምንለው ላንድክሩዘር ሞተር፣ ዋን ኤች ዜድ የሚባለው ባለ 4.2 ሊትር ናፍታ፣ በዋዛ እጅ አይሰጥም። ቱርቦ የለው፣ ኮምፒውተር የለው። የሚገድሉት አቧራና ውሃ ናቸው።

ቢሮዎች «ሰርቪስ በየ5 ሺህ ኪሎ ሜትር» ይላሉ። ለአስፋልት ያስኬዳል። በበጋ ከዲመካ ቱርሚ በአቧራ መንገድ ሌላ መኪና ተከትሎ የሚሄድ ግን ግማሹን ሳይሞላ የአየር ፊልትሮው፣ ማለትም ወደ ሞተሩ የሚገባውን አየር የሚያጣራው፣ ሊታፈን ይችላል። ጉልበት ያጣል፣ ጥቁር ጭስ ያወጣል፣ ናፍታ ይበላል። ፊልትሮው ከተቀደደ ደግሞ ይብሳል። አቧራው ገብቶ ፒስተኑንና ሲሊንደሩን ይፍቃቸዋል። ሹፌሮች፣ እባካችሁ ፊልትሮ ጎማ ላይ እየደበደባችሁ አታራግፉ፤ ወረቀቱ ይሰነጠቃል። የኮምፕሬሰሩን ግፊት ቀነስ አድርጎ ከውስጥ ወደ ውጭ መንፋት ነው። ከዚያ ውስጡ መብራት አስገብታችሁ እዩት። ቀዳዳ ካሳየ ይጣል።

እኛ ጋ ናፍታ በበርሜልም ይቀዳል፤ ውሃ አያጣውም። ከነዳጅ ፊልትሮው ሥር ውሃ የሚጠራቀምበት ቦታ አለ። ሲሞላ ዳሽቦርዱ ላይ መብራት ይበራል። ብዙው ሰው «ሴንሰሩ ነው» ብሎ ይነዳል። ከሥር ያለችውን ማፍሰሻ ላላ አድርጎ፣ ከላይ ያለውን የእጅ ፖምፓ እየተጫኑ ንጹህ ናፍታ እስኪወርድ ማፍሰስ ሻይ ከመጠጣት አይበልጥም። ውሃው ናፍታውን ወደ ሞተሩ የሚረጨው ኢንጀክሽን ፖምፓ ከደረሰ ግን ፖምፓው ተፈቶ አዲስ አበባ ይላካል፣ መኪናው እዚህ ይቆማል።

ወንዝ የሚሻገር መኪናም ጣጣ አለው። የጋለ ዲፈረንሻል፣ ማለትም ጎማዎቹን የሚያዞረው በዘይት የተሞላ የጥርስ ቤት፣ ውሃ ውስጥ ሲገባ በአንዴ ይቀዘቅዛል፤ ውስጡ ያለው አየር ይኮማተራል። የዲፈረንሻሉ አየር መተንፈሻ በጭቃ ከተደፈነ ውሃውን በዘይት መያዣ ጎማው በኩል ይስባል። በማግስቱ ዘይቱን ስታወርዱት ማኪያቶ መስሎ ይመጣል። እንዲህ ያለ ዘይት ይቀየራል፣ ድርድር የለውም።

ታይሚንግ ቺንጋውን፣ የሞተሩን ቫልቮችና ፒስተኖች በልክ የሚያስኬደውን ቀበቶ፣ ደግሞ የሚያስታውሰው የለም። እንደ ሥሪቱ ከ100 እስከ 150 ሺህ ኪሎ ሜትር ላይ መቀየር አለበት። ጊዜው ሲደርስ የሚበራ መብራት አለው፣ ግን የሚበራው በኪሎ ሜትር ቆጣሪው ነው። ቆጣሪው የሞተ መኪና ስንት አለ! ቺንጋው ሲበጠስ ቫልቮቹ ከፒስተን ጋር ይጋጫሉ።

አሁን ወደ ቅሬታዬ ልምጣ። የአንድ መሥሪያ ቤት ሹፌር የአየር ፊልትሮ እንዲገዛለት በደብዳቤ ጠየቀ። ሦስት ፕሮፎርማ አምጣ ተባለ። ትክክለኛው ፊልትሮ የነበረው አንድ ሱቅ ውስጥ ብቻ ነው፤ ሁለቱን ከየት ይውለድ? ቀጥሎ ደግሞ «በጀት የለም» አሉት። ልጁ አሮጌውን እያራገፈ ነዳ። ኋላ ሞተሩ ነክሶ ሲቆም የጥገናው ገንዘብ በአስቸኳይ ተፈቀደ። ሹፌሩም ተቀጣ። እኔ ሞተሩን ስፈታ ውስጡ በአቧራ ተፍቆ ነበር፤ ይህንንም በጽሑፍ ሰጥቻቸዋለሁ። መልስ የሰጠኝ የለም።

ስለዚህ በጋዜጣችሁ በኩል የፋይናንስ ኃላፊዎችን አንድ ነገር ልጠይቅ። ለፊልትሮ፣ ለዘይትና ለግራሶ የምትበቃ ፔቲ ካሽ ያለ ፕሮፎርማ ለሹፌሩ ስጡት፤ ደረሰኝ ያምጣላችሁ። ሰርቪስ ወረቀቱ ላይም ከኪሎ ሜትሩ ጎን የሄደበት መንገድ ይጻፍ። ማጎ ጭቃ ውስጥ የዋለና አርባ ምንጭ ደርሶ የመጣ መኪና እኩል መታየት የለባቸውም። የእኛ ዝናብ መጋቢት ላይ ይጀምራል። ከዚያ በፊት ቢሆን ደስ ይለኛል።

ከአክብሮት ጋር
አንባቢያችሁ፣ መካኒኩ
ከጂንካ