ግልጽ ደብዳቤ፦ ከዳር መስመር አውቶቡስ መንጠቅ ይቁም

ለከተማ ትራንስፖርት ዕቅድና ስምሪት ኃላፊ

ጉዳዩ፦ አውቶቡስ በጎደለ ቁጥር ከዳር ሰፈሮች መስመር ስለመነሳቱ

ክቡር ኃላፊ፣

አቤቱታችንን በጽሑፍ አስገብተናል፤ በአካልም ቀርበን አስረድተናል። ያገኘነው መልስ "ጉዳዩ እየታየ ነው" የሚል ብቻ ነው። ማን እያየው እንደሆነ፣ መቼስ አይቶ እንደሚጨርስ የነገረን የለም። ስለዚህ በአደባባይ ጻፍንልዎ።

ጋራዥ ያደረ አውቶቡስ ሳይጠገን ሲነጋ ስምሪት ክፍሉ ጉድለቱን ከአንዱ መስመር መሸፈን አለበት። የሚሸፍነው ከዳር መስመር ነው። ምክንያቱ "እዚያ ተሳፋሪው ጥቂት ነው" ይባላል።

እስቲ ሒሳቡን እንሥራው። በሁለቱም መስመሮች አንድ ምልልስ፣ መነሻና መድረሻ ላይ የሚቆምበት ጊዜ ተጨምሮ፣ 90 ደቂቃ ይፍጅ። ዋናው መስመር 15 አውቶቡስ ካለው በየ6 ደቂቃው አንድ ይመጣል። አንዱ ቢነሳለት በሁለት አውቶቡሶች መካከል ያለው ጊዜ የሚረዝመው በ26 ሰከንድ ገደማ ነው። የዳሩ መስመር 3 ብቻ ካሉት በየ30 ደቂቃው አንድ ያገኛል፤ አንዱ ሲነሳበት 45 ደቂቃ ይሆናል። ይህም የቀሩት ሁለቱ የመነሻ ሰዓታቸው እንደገና ከተስተካከለ ነው። አይስተካከልም። የጎደለው ተራ እንዲሁ ይዘለላል፤ ሰው አንዴ 60 ደቂቃ፣ አንዴ 30 ደቂቃ ይጠብቃል። ከ60 ደቂቃ በኋላ የሚመጣው ደግሞ ገና ከመጀመሪያዎቹ ፌርማታዎች ሞልቶ ስለሚነሳ መሀል ላይ ያሉትን ጥሎ ያልፋል። የጭነቱም ነገር እንደዚሁ ነው፦ በዋናው መስመር የቀሩት እያንዳንዳቸው 7 በመቶ ያህል ሲጨመርባቸው፣ በዳሩ የቀሩት 50 በመቶ ይጨመርባቸዋል። 26 ሰከንድ ለማዳን የአንድን ሰፈር ጠዋት ማበላሸት ፍትሕ አይደለም!

ከዚያ የሩብ ዓመቱ ቆጠራ ይመጣል። የሚቆጠረው ትኬት የቆረጠ ሰው ነው። ጠብቆ ተስፋ ቆርጦ በእግሩ የሄደው፣ ሥራ የረፈደበት፣ ቀጠሮው ያለፈበት ሕመምተኛ በቆጠራው ውስጥ የለም። አገልግሎቱ ስለቀነሰ የቀነሰው ተሳፋሪ "ፍላጎት የለም" ተብሎ ይጻፍና ለሚቀጥለው ቅነሳ ማስረጃ ይሆናል።

የከተማው አማካይም ይህን ይደብቀዋል። ከታቀደው 1,000 ምልልስ 950ው ከተፈጸመ ሪፖርቱ 95 በመቶ ይላል። ያልተፈጸመው 50 ሁሉ የሁለት ሰፈር ቢሆን እንኳ ሪፖርቱ ያው 95 በመቶ ነው። ካርታውም አይሻልም፤ በፌርማታው ዙሪያ 400 ሜትር ክብ ተሰምሮ በውስጡ ያለ ቤት ሁሉ "አገልግሎት ያገኛል" ይባላል። ገደል ወይም የታጠረ መንገድ መሀል ከገባ ያ 400 ሜትር በእግር ከአንድ ኪሎ ሜትር በላይ ሊሆን ይችላል።

ግዴታን በቁጥር ማሰር አዲስ ነገር አይደለም። የሎስ አንጀለስ የአውቶቡስ ተሳፋሪዎች በእ.ኤ.አ. 1994 ክስ መሥርተው፣ በ1996 በፍርድ ቤት በጸደቀ ስምምነት የትራንስፖርት ባለሥልጣኑ በአውቶቡስ ውስጥ ቆመው የሚሄዱ ሰዎችን ቁጥር እንዲቀንስ አስገድደውታል። እኛ የምንጠይቀው ከዚያ ያነሰ ነው። 4 ወይም ከዚያ በታች አውቶቡስ ካለው መስመር ላይ አውቶቡስ አይነሳ፤ ጉድለቱ ብዙ አውቶቡስ ካላቸው መስመሮች ይሸፈን። ይህ ተጨማሪ በጀት አይጠይቅም፤ ለስምሪት ክፍሉ አንድ ገጽ የውስጥ ትእዛዝ ይበቃዋል፤ የሚፈርሙትም እርስዎ ነዎት። በሚቀጥለው የሩብ ዓመት ሪፖርት ደግሞ ያልተፈጸመው ምልልስ በየመስመሩና በየሰዓቱ ተለይቶ ለሕዝብ ይውጣ።

ከዳር መስመር ተሳፋሪዎች