ጡረታችንን በብር ለሚያባዙልን

ይድረስ ለጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። ይህን ደብዳቤ እንድጽፍ ያነሣሣኝ፣ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገበት ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ወዲህ ከወዲያም ከወዲህም የምሰማው አንድ ምክር ነው። ምክሩ በአጭሩ፣ አሜሪካ የምትኖሩ ጡረተኞች ዶላራችሁን ይዛችሁ አገራችሁ ግቡ፣ እዚያ የቤት ኪራይ የማይችል ገንዘብ እዚህ አንቀባርሮ ያኖራችኋል የሚል ነው። መካሪዎቹ ክፉ አስበው ነው አልልም። የእህቴ ልጅም በሰኔ 2017 ዓ.ም. ስልክ ደውሎ፣ «ጋሼ፣ በወር ስንት ነው የሚሰጡዎት?» ብሎ ጠየቀኝ። እጄ ላይ የሚደርሰው 955 ዶላር መሆኑን ስነግረው ጥቂት ዝም አለና፣ «በ130 ሲባዛ እኮ 124 ሺህ ብር ነው! ታዲያ እዚያ በረዶ ላይ ምን ያደርጋሉ?» አለኝ። ማባዛቱ ትክክል ነው። እኔን የከነከነኝ ማባዣው ሳይሆን 955ቱ ከየት እንደመጣና ከእሱ ጋር ምን ተያይዞ እንደሚኖር የሚናገር ሰው አለመኖሩ ነው።

ሙሉው ጡረታዬ በፈረንጆቹ 2025 ዓ.ም. 1,140 ዶላር ነበር። ከዚህ ላይ ሜዲኬር ለሚባለው የአረጋውያን የመንግሥት ጤና መድን፣ «ፓርት ቢ» ለሚሉት ክፍሉ፣ 185 ዶላር ገና ባንክ ሳይገባ ይቆረጥ ነበር፤ በዚያ ዓመት አብዛኛው ጡረተኛ የሚከፍለው ይኸው ነበር። በዚያው ዓመት መጀመሪያ ለኑሮ ውድነት ማካካሻ ተብሎ 2.5 በመቶ ተጨምሮልን ነበር፤ ለእኔ ወደ 28 ዶላር ይመጣል። ነገር ግን በዚያው ቀን የፓርት ቢው ክፍያ ከ174 ዶላር ከ70 ሳንቲም ወደ 185 ስላደገ፣ በአንድ እጁ የሰጠኝን በሌላው ከሲሶ በላይ መልሶ ወሰደው። ባለቤቴ ደብዳቤውን መነጽሯን አድርጋ አነበበችና፣ «የተረፈችው ለአንድ ኪሎ ቡና ትሆናለች» ብላ ከመብራቱ ቢል ጋር ማቀዝቀዣው ላይ ለጠፈችው።

1,140 ለምን አነሰ ለሚለው ጥያቄ መልሱ ያሳፍረኛል፤ ሆኖም ሌላው እንዲማርበት እጽፈዋለሁ። ከካርቱም ተነሥቼ አሜሪካ የገባሁት በ1983 (እ.ኤ.አ.) ሲሆን ስምንት ዓመት በዋሽንግተን የመኪና ማቆሚያ ገንዘብ ተቀባይ፣ ከዚያ በኋላ 24 ዓመት የታክሲ ነጂ ሆኜ ሠርቻለሁ። የማቆሚያው ደመወዝ ትንሽ ቢሆንም ከእያንዳንዱ ቼክ ላይ እንደ ዓመቱ ከ6.7 እስከ 7.65 በመቶ ሶሻል ሴኩሪቲ ለሚባለው የመንግሥት ጡረታና ለሜዲኬር ይቆረጥ፣ አሠሪዬም ያንኑ ያህል ይጨምር ነበር። ታክሲ ላይ ግን ሠራተኛውም አሠሪውም እኔው ራሴ ስለሆንኩ ሁለቱንም ድርሻ፣ ማለትም በአብዛኛው ጊዜ 15.3 በመቶውን፣ የምከፍለው እኔ ነበርኩ። የዋሽንግተን ታክሲ ደግሞ እስከ 2008 (እ.ኤ.አ.) ድረስ ሜትር አልነበረውም፤ ከተማዋ በዞን ተከፋፍላ ተሳፋሪ የሚከፍለው ባቋረጠው ዞን ቁጥር ሲሆን፣ ክፍያውም በጥሬ ገንዘብ ስለነበር በቀን ስንት እንደገባ የሚያውቀው ነጂውና ፈጣሪው ብቻ ነበር። የፈረንጆቹ ኤፕሪል 15 ሲቃረብ ታክስ የሚሠራልኝ ወዳጄ ወረቀቴን እያገላበጠ፣ «ይህን ሁሉ ምን ብለህ ታስመዘግባለህ? ሌሊቱን የምትነዳው ለመንግሥት ነው እንዴ?» ይለኛል። እኔም እስማማለሁ። በዓመት ሁለት ሺህ ዶላር የዳንኩ መስሎኝ ደስ ብሎኝ ወደ ቤቴ እገባለሁ።

ስልሳ ዓመት ሲሞላኝ ሶሻል ሴኩሪቲ የሚልከውን መግለጫ ለመጀመሪያ ጊዜ እስከ መጨረሻው አነበብኩት። በግራ በኩል ዓመተ ምሕረቱ፣ በቀኝ በኩል የተመዘገበው ገቢ ተደርድሯል። ሁለት ልጅ ያሳደግኩበት፣ ኮንዶሚኒየም የገዛሁበት፣ እናቴንም እስከ ዕለተ ሞቷ የጦርኩበት ዓመት ከጎኑ 9,000 ዶላር ተጽፎበታል። የሚቀጥለው 8,600 ነው። ቢሮው ጡረታን የሚያሰላው ከፍተኛ ገቢ ከተመዘገበባቸው 35 ዓመታት ነው፤ ያልሞላው ዓመት በዜሮ ይቆጠራል። የእኔ 32 ነበር። ኡበር በ2011 (እ.ኤ.አ.) መጨረሻ ከተማዋ ከገባ በኋላ የታክሲው ሥራ ስለሞተብኝ ደግሞ 66 ዓመቴን ሳልጠብቅ በ62 ጡረታ ጠየቅሁ፤ በዚህም ሩቡ ለዘለቄታው ተቀነሰ። ያን ጊዜ የዳነው ሁለት ሺህ ዶላር የት እንደገባ ዛሬ አላስታውስም፤ ያ 9,000 ግን በየወሩ ይጎበኘኛል።

ዛሬ ኡበር የሚነዱ፣ ምግብ የሚያደርሱ፣ ቤት ለቤት በጥሬ ገንዘብ ልጅ የሚጠብቁና የሚያጸዱ ወገኖቻችን የእኔን ስሕተት በአዲስ መልክ ሲደግሙት አያለሁ። በተለይ በልጆቻቸው ጥሪ ዘግይተው የመጡ እናቶች ዐሥር ዓመት የተመዘገበ ሥራ፣ ማለትም 40 ነጥብ፣ ከሌላቸው በራሳቸው ስም አንዲት ዶላር ጡረታ አያገኙም። ዕድሜያቸው ለገፋ ወይም አካል ጉዳተኛ ለሆኑ ድሆች የሚሰጠው «ኤስ ኤስ አይ» የሚባለው ድጎማ ደግሞ ባለመብቱ በተከታታይ 30 ቀን ከአሜሪካ ውጭ ከቆየ ይቋረጣል፤ የሚቀጥለውም ተመልሶ መጥቶ 30 ቀን ከከረመ በኋላ ነው። ይህን ሳያውቁ ለልጅ ሠርግ ሁለት ወር አዲስ አበባ ከርመው ሲመለሱ ባዶ የባንክ ደብተር የጠበቃቸውን ሰዎች አውቃለሁ። እነዚህን ጡረታ ይዛችሁ ኑ ማለት የሌላቸውን አምጡ እንደማለት ነው።

ወደ ዋናው ነገር ልመለስ። ጡረታው በእርግጥ ይከተለኛል፤ የአሜሪካ ዜጋ ነኝና ኢትዮጵያ ብኖርም ይከፈለኛል። የማይከተለኝ ሕክምናው ነው። ሜዲኬር፣ በጣም ጥቂት ከሆኑ ሁኔታዎች በቀር፣ ከአሜሪካ ውጭ የተደረገ ሕክምና አይከፍልም። ከጥቅምት እስከ መጋቢት 2017 ዓ.ም. አምስት ወር እህቴ ዘንድ ኮተቤ ከርሜ ነበር። ጠዋት ቤተ ክርስቲያን፣ ከሰዓት ቡና፣ ማታ ከልጆች ጋር ጨዋታ፤ ዕድሜዬን ያስረዘመው ነው የመሰለኝ። በጥር አንድ ሌሊት ግን ደረቴን ጨምድዶ ይዞኝ ወደ አንድ የግል ሆስፒታል ተወሰድኩ። ሐኪሞቹ ጎበዞች ነበሩ፤ እንግዳ ተቀባዩዋም ክፉ ሰው አልነበረችም። ነገር ግን አልጋ ከመያዙ በፊት 150 ሺህ ብር ማስያዣ ተጠየቀ። በዚያ ሌሊት ከጎረቤት፣ ከዘመድና ከዕቁብ ሰብሳቢ እየዞረ ያሰባሰበው ይኸው ጡረታዬን በ130 ያባዛልኝ የእህቴ ልጅ ነው። የአንድ ወር ጡረታዬ ለማስያዣው እንኳ እንደማይበቃ በሰኔ ረስቶት ነበር። እኔ ደግሞ በዚያ ሁሉ ጊዜ ለማልጠቀምበት የሜዲኬር ኢንሹራንስ በየወሩ እከፍል ነበር። ላቋርጠው እንዳልል፣ በኋላ መመለስ ብፈልግ ላልከፈልኩበት ለእያንዳንዱ ሙሉ ዓመት ዐሥር በመቶ ቅጣት እስከ ዕድሜ ልክ ይታከልበታል።

ቀሪው የቤት ውስጥ ሒሳብ ነው፤ አላሰለቻችሁም። የኮንዶ ክፍያ፣ የከተማው የንብረት ግብር፣ እዚህ ቨርጂኒያ ደግሞ ቆማ ለምትውል መኪና እንኳ በየዓመቱ የሚከፈል ግብር አለ። ባለቤቴ በ68 ዓመቷ በሳምንት ሦስት ቀን ከእሷ በዕድሜ ብዙም የማይበልጡ አንዲት ሴት ትጠብቃለች። ማታ ስትመለስ ወገቧን የማሻት እኔ ነኝ።

ስለ ፖለቲካው ሳልናገር ብተው ደብዳቤው ጎዶሎ ይሆናል፤ ምክንያቱም ገንዘባችን ያለው እዚያ ውስጥ ነው። ጠዋት ጠዋት እዚህ ስካይላይን በሚባለው ሠፈር ቡና የምንጠጣ ስድስት ጡረተኞች አለን። የአዲስ አበባን ሹመትና ሽረት ከባለሥልጣኖቹ ሚስቶች ቀድመን እናውቃለን። በቀደም አንዱን፣ ሪችመንድ ባለው የቨርጂኒያ ምክር ቤት የወከለህ ሰው ማን ይባላል ብዬ ብጠይቀው ሳቀብኝ፤ እውነቱን ለመናገር እኔም የነገርኩት ስልኬን አይቼ ነው። ቨርጂኒያ በየዓመቱ ምርጫ ያለባት ስትሆን ከምርጫው ቀን 45 ቀን አስቀድሞ ድምፅ መስጠት ይቻላል፤ ለጡረተኛ ከዚህ የሚመች ነገር የለም። በአገራችን በኩል ግን ሌላ ዜግነት የወሰደ ሰው የኢትዮጵያ ዜግነቱን ያጣል። በአዋጅ ቁጥር 270/1994 የተሰጠን ቢጫ ካርድም (የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ) ያለ ቪዛ መግባትን፣ መኖርንና መሥራትን ቢፈቅድም መምረጥንና መመረጥን አይጨምርም። በሌለን ድምፅ ጉሮሯችን እስኪደርቅ ስንከራከር፣ ባለን ድምፅ ግን ዝናብ ሆነ ብለን ቤት እንቀራለን። የአሜሪካ ጡረታ ፈንድ ባለአደራዎች በፈረንጆቹ 2025 ባወጡት ሪፖርት የተጠራቀመው ገንዘብ በ2033 እንደሚያልቅ፣ የአሜሪካ ኮንግሬስ ሕግ ካላሻሻለ ከዚያ በኋላ የሚከፈለው ከሚገባን 77 በመቶ ገደማ ብቻ እንደሚሆን ገምተዋል። ከስድስታችን ይህን የሰማው አንድ ብቻ ነበር፤ እሱም ፕሮፓጋንዳ ነው ብሎ ያመነ ነው።

ስለዚህ በክቡርነትዎ በኩል ሁለት ነገር እንዲደርስልኝ እለምናለሁ። የመጀመሪያው ጡረተኛውን ለመጋበዝ ለሚያስቡ ወገኖች ነው። በ2010 ዓ.ም. ለአገራችሁ በቀን አንድ ዶላር አዋጡ ሲባል እኔም አዋጥቻለሁ፤ ስንጠየቅ ሰጥተናል። አሁን እኛ የምንጠይቀው፣ ቢጫ ካርድ ያለው ሽማግሌ በየወሩ በውጭ ምንዛሪ እየከፈለ በሕመሙ ሌሊት ማስያዣ የማይጠየቅበት የጤና መድን እንዲታሰብ ነው። ከ955 ዶላሬ ላይ መቶውን ለዚህ በደስታ እከፍላለሁ፤ ቡና የምንጠጣውም ሁሉ እንከፍላለን ብለዋል፣ ፕሮፓጋንዳ ነው ያለውም ጭምር። ሁለተኛው ለጋዜጣው ነው። «ጡረታችሁን ይዛችሁ ኑ» የሚል ጽሑፍ በሚወጣበት ገጽ ላይ ሜዲኬር አብሮ እንደማይመጣ፣ ኤስ ኤስ አይም በ30 ቀን እንደሚቋረጥ በአንድ መስመር ቢታከልበት፣ ቤቱን ሸጦ ለመምጣት የተዘጋጀ ሰው ደግሞ ያስብበታል።

እኔ በመጪው ጥቅምት ለመምጣት ቲኬቴን ቆርጫለሁ፤ ደርሶ መልስ ነው።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፣
አንድ ጡረተኛ ታክሲ ነጂ
ከአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ