ለእማዬ፣ ከኦሊምፖስ

እማዬ፣ እንደምን ሰነበትሽ? ጉልበትሽስ?

ጾም ነው ብለሽ የግፊት መድኃኒትሽን ከቅዳሴ እስክትወጪ እያቆየሽው ነው አሉኝ። ተይ እንጂ! ንስሐ አባትሽን ጠይቂያቸው፣ እሳቸውም ዋጪው ነው የሚሉሽ።

አሁን አቴንስ አይደለሁም። የማስታምማቸው እትዬ ለፍልሰታ አገሬ ካልገባሁ ስላሉ ይዣቸው መጣሁ። ካርፓቶስ የሚባል ደሴት ነው። ከፒሬዎስ በመርከብ አድረን ነው የደረስነው። መንደሩ ኦሊምፖስ ይባላል፤ ተራራ ላይ ተለጥፎ፣ ቤቱ አንዱ ባንዱ ትከሻ ላይ የቆመ ነው የሚመስለው። የነሱ ፍልሰታ በኛ ነሐሴ 9 ነው፤ አንቺ ገና እየጾምሽ እኛ ፈታን።

አሮጊቶቹ ዛሬም ቦት ጫማና ጥልፍ ቀሚስ ለብሰው ነው የሚውሉት። ዳቦ የሚጋግሩት ደጅ ባለ የእንጨት ምድጃ ነው። አንዷ እጅጌዋን ሰብስባ፣ ፍሙን ገፍታ፣ ወለሉን በእርጥብ ጨርቅ ስትወለውለው ጭሱ መጣ። ነጠላሽን ሸተተኝ። ዞር አልኩ።

ማታ ወንዶቹ ጠረጴዛ ከበው ተቀመጡ። ሊራ የሚሉት በደጋን የሚመታ፣ የማሲንቆ ዘመድ የሆነ ነገር አላቸው። እንደ አዝማሪ ግጥሙን እዚያው እየፈጠሩ፣ የሌለውን ሰው እያነሱ ይዘፍናሉ። ሰው ሁሉ ያለቅሳል። እትዬም አለቀሱ። እዚህ የበኩር ሴት ልጅ «ካናካራ» ትባላለች፤ የእናቷን ቤትና መሬት የምትወርሰው እሷ ናት። በበዓል ቀን የወርቅ ሳንቲም ደረቷን ሞልቶ ትጨፍራለች። የእትዬ ቤትም ከእናታቸው የመጣ ነው፣ ነገም የበኩር ልጃቸው ነው። እሷ ግን ባልቲሞር ናት። እጃቸውን ይዤ ያመሸሁት እኔ ነኝ።

እማዬ፣ ያንቺም በኩር እኔ ነኝ። ያን ጣሪያ ያስቀየርኩት እኔ ነኝ። ቤቱ በወንድሜ ስም መዞሩን ግን ከጎረቤት ነው የሰማሁት። ቤቱን ፈልጌ አይደለም። «ሴት ልጅ የሰው ናት» ማለትሽን ሲነግሩኝ ነው የከፋኝ። ሐኪም ቤት የሚያመላልስሽ እሱ እንደሆነ አውቃለሁ፤ ይህን አልክድም። ቢሆንም ብትነግሪኝ ምን ነበረበት?

በይ ተይው። ልጄ የፊት ጥርሷ ወለቀ። እዚህም እንደኛ ጣሪያ ላይ ነው የሚወረወረው። እትዬ «ነይ ከኔ ቤት ጣሪያ ላይ እንጣለው» ቢሏት እምቢ አለች። ግሪክኛውን እንደ ውሃ እየጠጣችው፣ በዚያ በተሰባበረ አማርኛዋ «የአያቴ ጣሪያ ነው» ትለኛለች።

ለገና እመጣለሁ ብዬሽ ነበር አይደል? ወረቀቴ አላለቀም። ለፋሲካም እንጃ። ደውዬ ልነግርሽ ሦስቴ ሞከርኩ፤ «መቼ ነው?» ስትይኝ ወሬ እቀይራለሁ። ዶክተሩ ስለ ልብሽ ያለውን ወንድሜ ነግሮኛል፣ አትደብቂኝ።

ጥርሷን በሶፍት ጠቅልላ ቦርሳዬ ውስጥ ከታዋለች። እንዳትጥይው ብላ በየቀኑ ታየዋለች።