የዳር ሰፈር ሰው ግድ የለሽ አይደለም

ለዝግጅት ክፍሉ፣

የደሴ ዳር ሰፈሮችን የሰኔ 2013 ምርጫ ተሳትፎ የተመለከተው ዘገባችሁ ከቲታ እስከ ገራዶ ያለነውን ሁሉ «ለፖለቲካ ግድ የለሾች» ብሎን አልፏል። ማስረጃው የአንድ መሃል ከተማ ምርጫ ጣቢያንና የአንድ ዳር ጣቢያን የተሳትፎ መቶኛ ጎን ለጎን ማስቀመጥ ብቻ ነው። የኛው አነሰ፤ ስለዚህ ግድ የለንም ማለት ነው። የቀረው ገጽ በሙሉ በዚችው ቁጥር ላይ የቆመ ነው፤ ቁጥሯ ግን የተባለውን አትናገርም።

መቶኛው የሚገኘው ድምፅ የሰጠውን ሰው በጣቢያው መዝገብ ላይ ለሰፈረው ሰው በማካፈል ነው። እዚያው ሰፈር እየኖረ፣ 18 ዓመት ሞልቶት፣ ስሙ መዝገብ ያልገባ ሰው በዚህ ስሌት ውስጥ የለም፤ መጣም ቀረም አይባልም። ሁለት ሰፈሮች አሉ እንበል፤ በእያንዳንዳቸው ለመምረጥ የደረሱ 2,000 ሰዎች ይኖራሉ። በአንደኛው 800 ተመዝግበው 720 መረጡ፤ 90 በመቶ። በሁለተኛው 1,400 ተመዝግበው 980 መረጡ፤ 70 በመቶ። በእናንተ አጻጻፍ የመጀመሪያው ንቁ፣ ሁለተኛው ቀዝቃዛ ነው። ከነዋሪው አንጻር ሲሰላ ግን የመጀመሪያው 36፣ ሁለተኛው 49 በመቶ ይሆናል። ብዙ ሰው የወጣው ቀዝቃዛ ካላችሁት ሰፈር ነው! ቁጥሩ ለማን እንደተካፈለ ሳይጠይቁ እንዴት በሰው ስም ላይ ይጻፋል?

ዳር ሰፈር ላይ መዝገቡና ነዋሪው የማይገጥሙበት ምክንያት አለው። እዚህ ብዙው ሰው ከሌላ ቦታ የመጣ ነው፤ ገሚሱ ቤት ሠርቶ፣ ገሚሱ የመሃል ከተማ ኪራይ ከብዶት። የምርጫ ሕጉ፣ አዋጅ ቁጥር 1162/2011፣ መራጩ በምርጫ ክልሉ ቢያንስ 6 ወር የኖረ እንዲሆን ይጠይቃል። ከወልዲያ ወይም ከመካነ ሰላም መጥቶ ገና 4 ወር የሆነው ሰው ቢፈልግም አይመዘገብም። 6 ወሩን የሞላውም መታወቂያ ይጠየቃል። የቀበሌ መታወቂያ ለማውጣት ከቀድሞ ቀበሌው መሸኛ ማምጣት አለበት፤ መሸኛውን ሲቀበል የድሮውን መታወቂያ ይመልሳል፤ ተከራይ ከሆነ ደግሞ አከራዩ ቀርቦ «እኔ ቤት ነው የሚኖረው» ካላለለት ጉዳዩ ፈቅ አይልም። አከራዩ የኪራይ ግብር ይመጣብኛል ብሎ ይሸሻል። መሸኛው ማኅተሙ እንደተመታበት በኪስ ተጣጥፎ ሳለ የምዝገባው ጊዜ ያልቃል። ይህ ሰው ግድ አጥቶ ነው የቀረው?

እዚሁ ደሴ ሆጤ ሰፈር ሳለ ተመዝግቦ በኋላ ወደ ቲታ የመጣውስ? የመራጭነት ካርዱ የሚሠራው በተመዘገበበት ጣቢያ ብቻ ነው። ባጃጅ ተሳፍሮ ሄዶ ከመረጠ ድምፁ ለሆጤ ይቆጠራል፤ ካልሄደም መቅረቱ የሚታየው በሆጤ መዝገብ ላይ ነው። ማታ ቲታ የሚያድረው ሰው በሁለቱም በኩል ከቲታ ቁጥር ውጭ ነው። ስለ እሱ አንድ መስመር አልጻፋችሁም።

የምርጫውን ቀንም አላያችሁትም። ሰኔ 14 ቀን 2013 ሰኞ ነበር። የደሴ ገበያ ደግሞ ሰኞ ነው፤ ከዳር ተነስቶ ለሚነግድ ሰው የሳምንቱ እንጀራ ያለው እዚያ ቀን ላይ ነው። ክረምት መግቢያ መሆኑም አለ። በዚያ ምርጫ ሰልፉ አላልቅ ብሎ ድምፅ መስጫው እስከ ምሽቱ 3 ሰዓት መራዘሙን ረሳችሁት?

«ሰፈሩ ወዴት እንደሚያዘነብል ውጤቱ ይናገራል» ማለታችሁ የባሰ ነው። የኛ አገር ሕግ ከተወዳዳሪዎቹ ብልጫ ያገኘውን ያሳልፋል፤ ከግማሽ በላይ አይጠይቅም። 720 ድምፅ ለ300፣ ለ250 እና ለ170 ቢከፈል ባለ 300ው ያሸንፋል፤ 420 ሰው ግን ሌላ መርጧል። ታዲያ ያ ሰፈር የማን ነው? ቆጠራው አልቆ በጣቢያው በር ላይ የሚለጠፈው ወረቀት የእያንዳንዱን ተወዳዳሪ ድምፅ ይዟል። ዘጋቢያችሁ የአሸናፊውን መስመር ብቻ ገልብጦ ሄደ።

የምንጠይቀው እርማት ነው፤ እርማቱም በዚያው ገጽ ላይ ይውጣ። ለእያንዳንዱ ሰፈር ለመምረጥ የደረሰውን ነዋሪ፣ የተመዘገበውን፣ ድምፅ የሰጠውንና ዋጋ አልባ የሆነውን ወረቀት ለየብቻ ጻፉ። የነዋሪውን ቁጥር ማግኘት ካልቻላችሁ መቶኛው ከተመዘገበው ብቻ የተሰላ መሆኑን ከቁጥሩ አጠገብ አስፍሩ። «ግድ የለሾች» የሚለውን ደግሞ ከስማችን ላይ አንሱልን።

ከደሴ ዳር ሰፈር ነዋሪዎች